ከቆርቆሮው በር ጋር የተቆራኘች ልጅ

ደሴ ክረምቱ ወጥቶም ብርዷን አትለቅም። የእኔ ጉልበት ደግሞ ብርድ ያየ እንደሆነ እንዳኮረፈ በቅሎ አልራመድም ይላል። ስለዚህ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር እነሣና፣ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ፀሐይ ስሞቅ እውላለሁ። ባለቤቴ ይታይሽ፣ «ሰው ለንግድ ይወርዳል፤ አንተ ጉልበትህን ልታሰጣ ትወርዳለህ» እያለች ታሾፍብኛለች። ታሹፍ። ያ ልማዴ ባይኖር ኖሮ ይህን የምነግራችሁን ነገር አላይም ነበር።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ብዬ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚያዘነብለው ሰፈር ስንሸራሸር፣ አንዲት ወጣት በሁለት ግቢዎች መካከል ካለ የቆርቆሮ በር አጠገብ ቆማ አየሁ። የለበሰችው የወንድ ኩታ ነው። የኩታው ጫፍ ከበሩ መቀርቀሪያ ጋር ጠበቅ ተደርጎ ተቋጥሯል። ከእግሯ ሥር ዳቦና ሻይ ተቀምጧል። ሰው ባለፈ ቁጥር፣ «በሕግ አምላክ! የመንገድ ዳኛ ይሁኑኝ!» ትላለች። አላፊ አግዳሚው ግማሹ ስቆ ያልፋል፤ ግማሹ ለማኝ መስላው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ እሷ ግን «አላህ ይስጥልኝ፣ የምፈልገው ፍርድ ነው» ብላ ትመልሳለች። እኔም «ምን ነክቷት ይሆን?» ብዬ ላልፍ ነበር።

አላሳለፉኝም። ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ከጎን ካለው ግቢ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወጡና እጄን ያዙኝ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ። ሽበት አለዎት፤ ፊትዎም የጨዋ ፊት ነው። ሽማግሌ ይሁኑልኝ፤ ቤቴ ላይ ነገር መጥቷል።»

«ምን ነገር መጣ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ሀፊዝ ይቺን ልጅ ምን ብሎ እንደበደላት አላውቅም። ከጧት ጀምሮ ከበሬ ጋር ተቆራኝታ ቆማለች። የጨዋ ልጅ ትመስላለች፤ አገባሻለሁ ብሎ ካልካዳት በቀር እንዲህ አትሆንም። ብጠይቀው ወላሂ አላውቃትም ይላል። ወንድ ሲክድ መቼም በወላሂ ነው!»

እዚህ ላይ ስለ ቁራኛ ጥቂት ልናገር። በአያቶቻችን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ተቋጥረው፣ አብረው እየሄዱ አብረው እየበሉ ዳኛ ፊት ይደርሱ ነበር። ዳኛ ከሌለ መንገደኛውን «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆማሉ፤ መንገደኛውም ጉዳዩን አዳምጦ ይፈርዳል። ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር የፈታ ሰው ነውረኛ ነው። የዛሬ ልጆች ቃሉን በንግግር ይጠቀሙበታል እንጂ ልማዱን አላዩትም። እኒህ ሽማግሌ ግን አይተውታል። አባታቸው የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ስለዚህ ልጅቷን አልተቆጧትም፤ ፖሊስም አልጠሩባት፤ ቋጠሮውን ለመንካት እጃቸው አልሄደላቸውም። የተቆራኘ ሰው አይራብምና ዳቦና ሻዩን ያመጡላትም እሳቸው ናቸው።

ሐጂ በሺር ይባላሉ። እኔም ወንድምአገኘሁ መሆኔን፣ አስተማሪ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። «መምህር! አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወደ ልጅቷ ወሰዱኝ። ልጃቸው ሀፊዝ ጢሙን የላጨ የሰላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ከግቢው ደጅ ላይ ቆሞ ላብ በላብ ሆኗል።

«ልጄ፣» አልኳት፣ «ማን በደለሽ?»

«ከሳሹ እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ። ከሳሹ ወንዙ ነው፤ እኔ ነገረ ፈጁ ነኝ። የከሰስኩትም ሰው አይደለም። ይህን በር ነው።»

«አላልኩም አባባ?» ብሎ ሀፊዝ ጮኸ። ሐጂም ልጃቸውን አይተው፣ ልጅቷን አይተው፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ ከልባቸው። ወዲያው ግን ግንባራቸው ተቋጠረ። «ምን? በሬን?»

በሩ ወደ ወንዙ የሚያወርደውን መንገድ የዘጋ ነው። አጠገቡ የተከመረ ድንጋይ ነበር። ሐጂ ለዚያው ሳምንት ቅዳሜ ግንበኛ ቀጥረዋል፤ በሩ ተነሥቶ በምትኩ የድንጋይ ግንብ ሊቆም ነው። በዚያ ሰፈር ላይኛው መውረጃ ከታጠረ ቆይቷል፤ ታችኛው ላይ ጋራዥ ቆሞበታል። ይህ ከተገነበ የሰፈሩ ሰው ወንዙን የሚያየው በድልድይ ሲያልፍ ብቻ ይሆናል። የሙግቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

«በር አይከሰስም፤» አሉ ሐጂ። «በር አፍ የለው፣ ምን ብሎ ይመልስልሻል? ተከሳሹ እኔ ነኝ።» ቀረብ ብለውም ኩታውን በጣታቸው ዳሰሱት። ጥለቱን ወደ ፀሐይ አዞሩት። «ይሄ የአብዱልባሲጥ ኩታ አይደለም?»

«የአያቴ ነው፣ ሐጂ።»

«አንቺ ያቺ ትንሿ ረውዳ ነሽ? እዚህ አፋፍ ላይ እየተንከባለልሽ እናትሽን የምታስለቅሺው?»

«እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ትያትር ተምሬ ተመለስኩ።»

«ያ ረቢ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አብዱልባሲጥ የልብ ወዳጃቸው ነበር፤ ጎን ለጎን ሆነው ከዚህ ወንዝ ውዱእ አድርገው፣ ማለትም ለሶላት ታጥበው፣ የሰገዱበትን ዘመን ኋላ ላይ አጫውተውኛል። ቋጠሮውን እንድፈታ ምልክት ሰጡኝ። ከመቀርቀሪያው ስፈታው የገዛ ጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉ። «በሉ መምህር፣ በደንቡ ያቆራኙን። ከአብዱልባሲጥ የልጅ ልጅ ጋር በቆርቆሮ በኩል አልሟገትም።»

አቆራኘኋቸው። ፍርድ ላይ ልቀመጥ ስል ሐጂ፣ «ለመሆኑ መምህር ከየት ነዎት?» አሉኝ።

«ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር።»

«ከደሴ! ኧረ ጉድ! ቦርከና እኮ በእናንተ አልፎ ነው የሚመጣብን። ጫማችሁም ፌስታላችሁም የሚወርደው እኛ ላይ ነው። ዳኛው ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ተገኘ!»

የተሰበሰበው ሰው ሳቀብኝ። ሌላ ዳኛ ግን አልተገኘም፤ ሥራ ያለው ሰው ለሙግት አይቆምም። ፀሐይ ሊሞቅ የመጣ ጡረተኛ በቃቸው።

ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ተጠየቂ!»

«ልጠየቅ!»

«ይህን በር ለክፋት የዘጋሁት ይመስልሻል? ድሮ ይህ መውረጃ የሁሉ ነበር። ልብስ አጣቢውም፣ ከብት አጠጪውም፣ ለሶላት የሚታጠበውም፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በዚህ ይወርዱ ነበር። ኋላ ሰው ለውሃ መውረዱን ትቶ ቆሻሻ ለመድፋት ይወርድ ጀመር። የሞተ ድመት! የበግ አንጀት! የሕፃን ዳይፐር! ብቆጣ ሰደቡኝ። ዘጋሁት። ግንቡን ሠርቼ ደግሞ እገላገላለሁ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

«ንዴትዎ ተገቢ ነው፣ ሐጂ። እኔም በቦታዎ ብሆን እናደድ ነበር። አሁን ተራው የኔ ነው። ይጠየቁ!»

«ልጠየቅ!» አሉ። ከአባታቸው ሞት ወዲህ ይህን ቃል የመለሱለት ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ ፊታቸው ወለል አለ።

«በሩ ከተዘጋ ወዲህ ቆሻሻው ቀነሰ ወይስ ጨመረ?»

ሐጂ ከዘራቸውን አዩ። «በአጥር ላይ ይወረውራሉ።»

«እንግዲያው ጨመረ።»

«ጨመረ አላልኩም።»

ማዶ ያለችው ጎረቤት፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ከደጇ ሆና አላስችላት አለ። «ጨምሯል እንጂ ሐጂ! ባለፈው ክረምት ወንዙ በቆሻሻ ታፍኖ መሄጃ ሲያጣ ጓዳዬ አልገባም? ጫማዬ ሲንሳፈፍ እርስዎ አይደሉም በከዘራዎ ያወጡልኝ?»

«ምስክር ሳይጠራ አይናገርም!» አሉ ሐጂ፤ እኔ ዳኛው ግን ምስክርነቱን ተቀብያለሁ አልኩ።

ረውዳ ቀጠለች። «በሩ ያስቀረው ቆሻሻ ጣዩን አይደለም፤ ቆሻሻ ጣዩ የሚያፍረውን ሰው ነው። ድሮ ፌስታል ይዞ የወረደ ሰው ባለቤትዎን እማማ ሐዋን ልብስ ሲያጥቡ ያገኛቸዋል፤ አያቴን ሲታጠቡ ያገኛቸዋል። ምን ብሎ ፊታቸው ላይ ይደፋል? አፍሮ ይመለሳል። አሁን እታች ማን አለ? ማንም የለም። ባለቤት የጠፋበት ቦታ የሁሉ መጣያ ይሆናል።»

«ይሁን። ማጽዳት ግን የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው?»

«ማዘጋጃ ቤትም ይጠየቃል፤ አልለቀውም። ነገር ግን ነገ ሠራተኞቹ አካፋና ጋሪ ይዘው ቢመጡ በየት በኩል ይወርዳሉ? በእርስዎ ጣሪያ ላይ?»

«ጣሪያዬን ተዪው፤ ሳይረግጡትም ያፈሳል።» ሰዉ ሳቀ፤ ሐጂም ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጋቢው ከኩታው ጋር ስለታሰረ ረውዳም አብራ ተጎተተች። ቆፍጠን ብለው እንደገና ጠየቋት። «ለመሆኑ ይህን ያህል ዓመት የተማርሽው ከበር ጋር መታሰር ነው? ለምን እንደ ሰው ተቀምጠሽ አልነገርሽንም?»

«ተናግሬ ነበር እኮ። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ሁሉን ዘረዘርኩ። 'ጥሩ ሐሳብ ነው' ተብሎ ተጨበጨበልኝና ተበተነ። እርስዎ ደግሞ ከፊት ወንበር ላይ አንቀላፍተው ነበር።»

«ስብሰባ ላይ የማይተኛ ሰው አለ?»

«ለዚህ ነዋ! ይህ ክዋኔ ጥበብ ይባላል፣ ሐጂ። መድረክ የለው፣ መጋረጃ የለው። አንድ ሰው ነገሩ ባለበት ቦታ ላይ፣ በገዛ አካሉ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ያየው ሰው ተመልካች ሆኖ መቅረት ያቅተዋል። ንግግሬ አስተኛዎት። ቋጠሮዬ ግን ከጧት ጀምሮ እንቅልፍ ነሣዎት፤ በመስኮት ሲያዩኝ አይቻለሁ። ዳቦም አመጡልኝ። ይኸው አሁን ደግሞ አብረን ታስረናል።»

ይህ አነጋገሯ ለእኔም ትምህርት ሆነኝ። ብዙ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለ ንጽሕና አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼም በፈተና ላይ በደንብ ይመልሱ ነበር፤ ከክፍል ሲወጡ ግን የሙዝ ልጣጩን በመስኮት ይወረውሩታል። ሰውን ከነገሩ ጋር ካላቆራኙት እውቀት ብቻውን እጅ እግር የለውም።

«ዳኛ ሳያይ አይፈርድም፤» አልኩ። «በሩ ይከፈትና ወርደን እንየው።»

ሐጂ ተቅበጠበጡ። «ቁልፉ ጠፍቷል።»

«ኪስዎ ውስጥ ነው፣ አባባ» አለ ሀፊዝ በቀስታ።

ተከፈተ። መንገዱ ሣር በቅሎበት ያንሸራትታል። ሁለቱ እንደተቋጠሩ ረውዳ የሐጂን ክንድ ይዛ ቀስ እያለች አወረደቻቸው፤ እኔም ጉልበቴን እየለመንኩ ተከተልኩ። ከታች ያየነውን ላላብዛው። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከዳር እስከ ዳር ተከምሯል፤ ሽታው ያፍናል። ከሥሩ ግን ውሃው አሁንም ድምፅ እያሰማ ይሄዳል።

ሐጂ አንድ ቦታ ላይ ቆሻሻውን በከዘራቸው ይገልጡ ጀመር። ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ወጣ፤ መሐሉ በእጥበት ብዛት ጎድጎድ ብሏል።

«የሐዋ ድንጋይ» አሉ። «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡ። ቋጠሮው ሲስባት ረውዳም አጠገባቸው ተቀመጠች።

ሐጂ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። «ልጄ፣ በሩን የቆለፍኩት በቆሻሻ ጣዩ ብቻ አይደለም። ሐዋ ታማ ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መልሰናት፣ 'በሺር፣ እስቲ አውርደኝ፤ ድንጋዬ ላይ ልቀመጥ' አለችኝ። ይህን ግማት እንድታይብኝ አልፈለግኩም። ነገ እወስድሻለሁ አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኳት። ነገ ነገ ስል ሄደችብኝ። ከዚያ ወዲህ መውረጃውን ማየት ጠላሁ። ቅዳሜ ልገነባው የነበረው ለዚያ ነው፤ እንዳላየው ብዬ ነው።»

ሀፊዝ ፊቱን ወደ አፋፉ አዞረ። ረውዳ ሙግቷን ትታ የሽማግሌውን እጅ ያዘች።

«እማማ ሐዋን አስታውሳቸዋለሁ፣ አባባ። ሳሙናቸውን ውሃ ሲወስድባቸው እኛን ልጆቹን ሁሉ ያሯሩጡን ነበር። ለያዘውም ቆሎ ይሰጡታል። ድንጋያቸውን ከግንብ ጀርባ አንተወው።»

ሐጂ አቀርቅረው ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳበሱት። «እሺ ከፈትኩት እንበል። ማን ይጠብቀዋል? አንቺ ሁልጊዜ ተቆራኝተሽ አትቆሚ።»

«ቅሬው ይጠብቀዋል። የቅሬው ሰብሳቢ እርስዎ አይደሉም?»

ቅሬ በእኛ በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል። ከሕግ ይልቅ ሰው የሚፈራው ቅሬን ነው።

«ቅሬ ለሬሳ ነው፣ ልጄ።»

«ለሞተ የሚወጣ ሰው ለታመመ መውጣት ያቅተዋል? ወንዙ ገና አልሞተም። ይስሙት፣ ይተነፍሳል።»

ሰማን። እውነትም ይተነፍስ ነበር። ሐጂ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ተረትቻለሁ። ይፍረዱ።»

ፈረድኩ። በሩ ይነሣ፤ የግንቡ ድንጋይ ለመውረጃው ደረጃ ይሁን፤ ቅሬው በየወሩ አንድ ቅዳሜ ለወንዙ ይውጣ፤ ቆሻሻ ሲደፋ የተያዘ ሰው ከቀብር እንደቀረ ሰው ይቆጠር። ቋጠሮውን ስፈታ ሐጂ የኩታውን ጫፍ ያዙና ከኮቴ ቁልፍ ጋር አሰሩት። «አሁን ተከሳሹ ደሴ ነው። ቧንቧ ውሃ ምን ልታደርግ ነው?» ቃል እስክሰጥ ድረስ አልለቀቁኝም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ ሰዉ ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ይላሉ። ሐጂ በሺር ከቆርቆሮው በር ፊት አካፋ ይዘው ቆመዋል። «ማንም አልሞተም፤ እንዳይሞት ነው የጠራኋችሁ» አሉ። የተቆጡ ነበሩ፤ «በጥሩምባ ይቀለዳል?» ያሉም ነበሩ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ግን ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ቀድማ ወረደች። ሴት ከወረደች ወንድ ምን ብሎ ይቆማል? ግንበኛውም ለግንብ የመጣውን ድንጋይ ደረጃ አድርጎ ደረደረው።

እኔም በበኩሌ ቃሌን ይዤ ወደ ደሴ ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ ላይ የእኛን ቅሬ ማሳመን ቀላል አልነበረም። «ታች ላለ ሰው ብለን እኛ ምን አደከመን?» አሉኝ። «ከላያችንም ሰው አለ» አልኳቸው። ቀስ እያሉ ገባቸው። ረውዳም መጥታ ኩታዋን ከሰፈራችን ቱቦ ጋር አቆራኝታ ቆማለች፤ ዳቦ ያወጣችላት ይታይሽ ነበረች።

ዘንድሮ በመስከረም ኮምቦልቻ ወረድኩ። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ የወይዘሮ ሸዋረጋ ጫማ ግን አልተንሳፈፈም። ወንዙ መንገዱን ስላገኘ ቤት ማንኳኳቱን ትቷል። ዝንቡ ቀንሷል፤ ልጆች ይጫወታሉ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጋሪም በደረጃው በኩል ይወርዳል። ሽማግሌዎች አመሻሽ ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ነፋስ ይቀበላሉ። ቆሻሻ የያዘ ሰው ብቅ ሲል ያን ሁሉ ዓይን አይቶ፣ ሰላምታ የሚሰጥ መስሎ ይመለሳል። ምን የረቀቀ ነገር ተደረገ? መንገዱ ተከፈተ፤ ሰው ወረደ።

ሐጂ በሺርን በድንጋዩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በመዳፋቸው ውሃ ዘግነው አዩት፤ አሸተቱት።

«ቀለሙ ገና ነው፣ መምህር። ሽታው ግን ለቋል። ለውዱእ አልደረሰም፤ ኢንሻአላህ ይደርሳል። እናንተም ላይ ሆናችሁ በርቱ።»

ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱን እግሮቻቸውን ቀስ አድርገው ውሃው ውስጥ ነከሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለእኔ የሚናገሩ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ለእኔ አልነበረም።

«ሐዋ፣» አሉ፣ «ወረድኩ።»